የካርቶን ልጆች

ከሐረር ሸዋ በር ወጣ ብሎ ባለው ትምህርት ቤታችን፣ ከግቢው ጀርባ፣ ድሮ የተሰበሩ ወንበሮች ይጣሉበት የነበረ አንድ ክፍል አለ። ወንበሮቹን አስወጥተው፣ ግድግዳውን ኖራ አስቀብተው፣ ከቤታቸው ያመጡትን ምንጣፍ መሬቱ ላይ ዘርግተው የትምህርት መርጃ መሣሪያ ማዕከል ያደረጉት እትዬ ናቸው። በስማቸው የሚጠራቸው ሰው የለም። ከርዕሰ መምህሩ ጀምሮ አንደኛ ክፍል እስካለው ሕፃን ድረስ ሁሉም "እትዬ" ነው የሚላቸው። እኔ አንደኛ ክፍል ተመድቤ ስመጣ እሳቸው ማስተማሩን ለወጣቶች ትተው እዚያ ክፍል ውስጥ ካርቶን ይቆርጡ ነበር፤ ጡረታቸው እስኪደርስ መቀመጫ የተፈለገላቸው ሴትዮ መስለውኝ ነበር። እንዲህ ያለ ቶሎ የመፍረድ አመል አለብኝ። ሰውን አንዴ አይቼ እጨርሰዋለሁ።

እትዬ የሚጣል ነገር የሚባል አያውቁም። የፈረስ መጋላ ባለሱቆች ዕቃ ሲያራግፉ ካርቶኑን ከኋላ ያስቀምጡላቸዋል፤ የካፌ አስተናጋጆች ቆርኪ ያጠራቅሙላቸዋል። ከማዳበሪያ ከረጢት የፊደል ገበታ ይሰፋሉ። አንድ ጊዜ ከሁለት የውሃ ፕላስቲክና ከጤና ጣቢያ ለምነው ካመጡት አዲስ የግሉኮስ ቱቦ የሰው ልብ ሠሩ። ቀይ ቀለም የገባበት ውሃ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲፈስ የስምንተኛ ክፍል ልጆች አፋቸውን ከፍተው ሲያዩ አይቻለሁ፤ የሳይንስ መምህሩም አፉን ከፍቶ ነበር። በዕርዳታ የመጣው የፕላስቲክ ልብ በዚያው ሳምንት ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ውስጥ ተቆልፎበት ነበር፣ እንዳይሰበር ተብሎ።

ከሁሉም በላይ የምገረመው ግን በአንድ ልማዳቸው ነው። አዲስ መርጃ ሲሠራ፣ እሳቸውም ይሥሩት ሌላ መምህር ያምጣው፣ ክፍል ከመግባቱ በፊት አንድ ልጅ ብቻውን ይጠራል። ዕቃው ምንጣፉ ላይ ይቀመጥለትና እንዳሻው ይነካካዋል። እትዬ ጥግ ላይ ተቀምጠው ሌላ ሥራ የያዙ መስለው ይቆርጣሉ፣ ይለጥፋሉ። አይጠይቁም፣ አያርሙም፣ ቀና ብለው እንኳ የሚያዩት በስንት ጊዜ አንዴ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከጣውላ የሠራውን ትልቅ ሰዓት እዚያ ምንጣፍ ላይ አስቀመጠ። ልጁ ቀስቶቹን ሊያዞር ሞከረ፣ አልዞር አሉት፤ ትቶ ሰዓቱን ገለበጠውና መኪና አድርጎ በክፍሉ ዙሪያ ነዳው። እትዬ ሰዓቱን ለባለቤቱ መለሱለት። "ይሄ ገና ነው ልጄ፣ ቀስቱን ለልጅ ጣት አላላው" አሉት። ባልደረባዬ ወደ ቤቱ ይዞት ሄደ፤ ሲመልሰው ቀስቱ በአንድ ጣት የሚዞር ሆኖ ነበር።

እኔም ይሄን ሁሉ እያወቅኩ ነው የእኔን ሥራ ያላሳየኋቸው።

የእኔ ሥራ የካርቶን ልጆች ነበሩ። ኅዳር ላይ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቤቴ ውስጥ ስቆርጥና ስቀባ ሰንብቼ ሃያ ልጆች ሠራሁ። አሥር ሴት፣ አሥር ወንድ። ሻሽ ያሰረች አለች፣ ጸጉሯን ሹሩባ የተሠራች አለች፣ ኮፍያ የደፋ አለ፣ ጥርሱ የወለቀ አለ። እግራቸው ሥር እንጨት ስላለ ጣውላ ላይ በሰልፍ ይቆማሉ። መደመር በእነሱ፣ መቀነስ በእነሱ፣ "ቤተሰቤ" የሚለውም ትምህርት በእነሱ ሆነ። ልጆቹ ወደዷቸው። በጥር ወር በትምህርት ቤቱ የመርጃ ኤግዚቢሽን ላይ አንደኛ ወጡና የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ፤ ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ። ከአዳራሹ ስወጣ እትዬ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመው አንዷን የካርቶን ልጅ በመዳፋቸው ይዘው ነበር።

"ውብ ናቸው" አሉኝ። "ልጅ ነክቷቸዋል?"

"ሠላሳ ስምንት ልጅ በየቀኑ ይነካቸዋል እኮ እትዬ።"

"ብቻውን የነካቸውስ?"

ሳቅኩ። ምንጣፍ ላይ ወስጄ የማስፈትነው ተለማማጅ ነኝ እንዴ አልኩ በሆዴ። እሳቸው የካርቶኗን ልጅ ወደ ሰልፏ መለሷት።

አሁን ስለ አንዲት ተማሪዬ ልናገር። ቤታቸው ከከተማው ውጭ፣ ሶፊ የሚባለው ገጠር ነው። አባቷ ጫትና ማሽላ ያመርታል፤ እናቷ ሸዋ በር መንገድ ዳር ማንጎና ዘይቱን ትሸጣለች። ልጅቷ ጠዋት ከእናቷ ጋር መጥታ ትማራለች፣ ከትምህርት በኋላ እናቷ ጎን ትቀመጣለች። በገበያ ያደገች ስለሆነች አማርኛዋ ከከተማ ልጆች አይተናነስም። በመስከረምና በጥቅምት ጥያቄ ጠይቄ ሳልጨርስ የምትመልስ፣ ጓደኞቿ ጣታቸውን ሲያጥፉ እሷ በዓይኗ ብቻ ቆጥራ የምትጨርስ ልጅ ነበረች። ታኅሣሥ ላይ አንድ ሳምንት ቀረች። ስትመለስ ሌላ ልጅ ሆና ተመለሰች።

የካርቶን ልጆቹን ጣውላው ላይ አቁሜ "አምስት ልጆች ይጫወቱ ነበር፤ አንዱ ሄደ፤ ስንት ቀሩ?" እላለሁ። ክፍሉ ሁሉ "አራት" ይላል። እሷን ለብቻዋ ስጠይቃት እጆቿን ሻሿ ውስጥ ትደብቅና መሬት መሬቱን ታያለች። መጀመሪያ ዓይን አፋርነት ነው አልኩ። ቀጥሎ ስንፍና ነው አልኩ። እያደር ፊደል ስታነብ እንኳ ድምጿ አልሰማ አለ፤ እኔ ስጠጋት ስለምትሸማቀቅ ሊሆን ይችላል። ቱግ ባይ ነኝ፣ አልደብቅም። አንድ ቀን ሦስት ጊዜ ጠይቄያት ዝም ስትል ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት። ጠመኔው ተሰብሮ እግሯ ሥር ወደቀ። እሷም ጎንበስ ብላ ስብርባሪውን ለቅማ በሁለት እጇ ሰጠችኝ። ያን ዕለት ልቤ ሊነግረኝ ይገባ ነበር፤ እኔ ግን ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብዬ "የመማር ችግር ስላለባት በባለሙያ ትመዘን" የሚለውን ቅጽ ሞላሁ።

የሥነ ልቦና ባለሙያው የካቲት ላይ መጣ። ወጣት ነው፣ ጥቁር ቦርሳ ይዟል፤ ቦርሳው ውስጥ ሥዕል ያለባቸው ካርዶችና ባለ ቀለም የእንጨት ብሎኮች አሉ። በርካታ ትምህርት ቤት ስላለበት ለምዘናው የደረሰን አንድ ቀን ብቻ ነው፤ የተፈረሙትን ቅጾች ሊሰበስብ በቀጣዩ ዓርብ ይመለሳል። በምክትል ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ውስጥ ልጅቷን አስቀምጦ መዘናት። ቋንቋው እንዳይሆን ብሎ በኦሮምኛም ደግሞ ጠይቋታል። የቤተሰብ ሥዕል አሳይቶ "እዚህ ስንት ሰው አለ?" ሲላት ዝም። "ስንት ወንድምና እህት አለሽ?" ሲላት ዝም። ወረቀትና እርሳስ ሰጥቶ "ቤተሰብሽን ሳዪልኝ" ሲላት ወረቀቱን ባዶውን መለሰችለት። በመጨረሻ የቅጹ ግርጌ ላይ የአእምሮ ዕድገት መዘግየት እንደሚታይባትና ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ባለ ትምህርት ቤት ወደሚገኘው የልዩ ፍላጎት ክፍል እንድትዛወር እንደሚመከር ተጻፈ። እውነቱን ለመናገር እፎይ አልኩ። እኔ አይደለሁም ችግሩ ማለት ነዋ።

አባቷ ሊፈርም ረቡዕ ዕለት ተጠርቶ መጣ። ሽርጡን ታጥቆ፣ የታጠበ ሸሚዝ ለብሶ፣ በተሰጠው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ርዕሰ መምህሩ ሲያስረዳው እስከ መጨረሻው ሰማና ወደ እኔ ዞረ።

"መምህር፣ ወላሂ ልጄ ቤት ውስጥ እንዲህ አይደለችም። ጫት ስናስር እስሩን የምትቆጥረው እሷ ናት። ግን እናንተ የተማራችሁ ናችሁ።" ወደ ርዕሰ መምህሩ መለስ አለ። "እዚህ ድረስ እናቷ ታመጣታለች። ከከተማው ወዲያ ማን ያደርስልኛል? ትምህርቱ እንቢ ካላት አልሐምዱሊላህ፣ ቤት ሥራ አለ። ከእኛ ጋር ትሁን። ዓርብ ከጁምዓ በፊት መጥቼ እፈርማለሁ።"

አልተቆጣም፣ አልለመነም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ልጅቷ ከዓርብ በኋላ ትምህርት ቤት የሚባል ደጅ እንደማትረግጥ ሁላችንም ገባን፤ ቅጹ ግን ባለሙያ የጻፈው ቅጽ ነውና ማንም ምንም አላለም።

መምህራን ማረፊያ ክፍል ገብቼ ነገሩን ሳወራ እትዬ ሻያቸውን አስቀምጠው "እስቲ ወረቀቱን" አሉኝ። እኔ ያነበብኩት የመጨረሻዋን መስመር ብቻ ነበር። እሳቸው መነጽራቸውን አውጥተው ከመጀመሪያው ገጽ ጀመሩ። ደወል ተደውሎ ሁሉም ወጣ፤ እሳቸው ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ ነበሩ። ከዚያ አንዲት መስመር ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። ባለሙያው በትንንሽ ፊደል "የብሎክ ቅርጾችን ከዕድሜዋ ከሚጠበቀው በላይ ፈጥና ገጥማለች" ብሎ ጽፏል።

"ይቺን አይተሃታል?"

"አላየሁም።"

"ይሄን የገጠመ እጅ ያለው ልጅ አምስት መቁጠር አቃተው ትለኛለህ? ነገ ልጅቷን አውሰኝ።"

ሐሙስ ጠዋት ወሰዷት። በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ አስጠሩኝና በር ላይ ተቀበሉኝ። "መስኮቱ ጋ ቁም። አፍህን ያዝ" አሉኝ። እንደ ተማሪ በመስኮት ተደብቄ አየሁ። ልጅቷ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብላለች። ከፊቷ የቆርኪ ክምር አለ። አሥር አሥር እየቆጠረች በላስቲክ ከረጢት ትከታለች፣ ትቋጥራለች፣ በሰልፍ ትደረድራለች። እትዬ ጥግ ላይ ሆነው ቁና ቁና እየተነፈሱ ወፍራም ካርቶን ይቆርጣሉ፤ የሚያይዋት አይመስሉም። ሃያ ከረጢት ሞላች። ክምሩ ሲያልቅ መጨረሻው ከረጢት ስምንት ላይ ቀረ፤ ዙሪያዋን ፈልጋ ከምንጣፉ ሥር ሁለት አወጣችና ሞላችው። እኔ ከሦስት ወር በፊት የማውቃት ልጅ ነበረች።

ከዚያ እትዬ ተነሥተው የእኔን የካርቶን ልጆች አምጥተው ምንጣፉ ላይ አስቀመጡና ተመልሰው ጥጋቸውን ያዙ። ልጅቷ እጆቿን ከጭኗ ሥር ከተተች። አንዷን አነሣች፣ አስተኛቻት። ሌላውን አነሣች፣ አጠገቧ አስተኛችው። ሃያውንም ጎን ለጎን አስተኝታ ስትጨርስ ሻሿን ከራሷ ፈታችና ከላያቸው አለበሰችው። ጫፉን ሳይቀር ጠቅ ጠቅ አድርጋ ሸፈነቻቸው። ከዚያም ወደ ቆርኪዎቿ ተመለሰች።

እትዬ ወደ እኔ ወጡ።

"ይሄ ምንድን ነው ደግሞ?" አልኳቸው።

"አንተ የማን ልጅ ነህ?" አሉኝ። "እናትህ ስንት ልጅ አለሽ ስትባል ምን ትል ነበር?"

እናቴ እዚሁ ሐረር ተወልዳ እዚሁ ስምንት ልጅ ያሳደገች ሴት ነች። "ስንት አሉሽ?" ሲሏት "ይመስገነው፣ አሉ" ትል ነበር እንጂ ቁጥር ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ዳቦ ስታድለን በየስማችን እየጠራች ነው። አንድ የፋሲካ ዕለት ታላቅ እህቴ ፎቶ ልታነሣን ደርድራን በጣቷ እየጠቆመች አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ስትል እናቴ እጇን መታ አድርጋ አወረደችባት። ሰው በጣት አይቆጠርም፤ ዓይን ይገባበታል። ይሄን እኔ ከማንም በላይ አውቀው ነበር። መምህራን ኮሌጅ ገብቼ ወጣሁና ሃያ ሰው ከካርቶን ሠርቼ የሰው ልጅ በጣቱ እየጠቆመ እንዲቆጥር አደረግኩ፤ ሽልማትም ተቀበልኩበት።

እንዲህም ሆኖ እጅ መስጠት አልወድምና ሽንጤን ገትሬ ተከራከርኩ። "እሺ፣ የቤታቸው ልማድ ነው እንበል። ኅዳር ላይ እነዚህኑ ልጆች ትቆጥራቸው አልነበረም? ያውም ሰው ፊት ቆማ!"

"እሱን ነው የማናውቀው" አሉ እትዬ። "እናቷን እንጠይቃ።"

ከሰዓት በኋላ ሸዋ በር ሄድን። ሚኒባስ ጠሪው ይጮኻል፣ ባጃጁ ይጮኻል። እናቷ ማንጎዋን በአራት በአራት ቆልላ ተቀምጣለች። እኔን ስታይ ደንግጣ ልትነሣ ስትል እትዬ ትከሻዋን ያዝ አድርገው አጠገቧ ማዳበሪያው ላይ ዘፍ አሉ። በኦሮምኛ ሰላም ተባባሉ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማሽላው፣ ስለ አያቲቱ ወገብ ተጠያየቁ። እኔ እንደ ግንድ ቆሜያለሁ። በመጨረሻ እትዬ ለእኔም እንዲገባኝ በአማርኛ "ልጃችን ምን ነካብን?" አሏት።

እናትየው ማንጎዎቹን አስተካከለች።

"መምህሩ ኅዳር ላይ ቤታችሁ ያለውን ሰው ቆጥራችሁ ኑ ብሎ የቤት ሥራ ሰጣቸው" አለች። ወደ እኔ አላየችም። "እኛ ልጅ አንቆጥርም። ሰው ከጠየቀን ማሻአላህ አሉ እንላለን። አያቷ ተዪ ብላት 'ቲቸር አዟል' አለች። መምህር ካዘዘ ምን ይባላል? በጣቷ እየጠቆመች ቆጠረችን። አሥር ሆንን። በወሩ ትንሹ፣ ጡት ላይ ያለው ልጄ ታመመ። ሳንባ ነው አሉኝ ሐኪሞቹ። በአምስት ቀኑ አላህ ወሰደው። እኛ ለማንም ምንም አላልንም፤ የአላህ ሥራ ነው። እሷ ግን አንድ ቀን መጥታ 'አዮ፣ እናቴ፣ በዚህ ጣቴ ነው' አለችኝ። አይደለም አልኳት። አታምነኝም።"

ያቺን የቤት ሥራ ወረቀት አስታወስኳት። በትልቁ 10 ብላ ጽፋ አምጥታ ነበር። ከሁሉ ቀድማ ስላመጣች ፊት ለፊት አቁሜ፣ የካርቶን ልጆቼን አስይዤ፣ ቤተሰቧን እንደገና አስቆጥሬ አስጨብጭቤላታለሁ። ታኅሣሥ ላይ ለቀረችበት ሳምንት ደግሞ የስም መቆጣጠሪያው ላይ በቀይ እስክሪብቶ "ያለ ምክንያት" ብዬ ጽፌያለሁ። ለምን ቀረሽ ብዬ አልጠየቅኳትም። ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ሙሉ በየቀኑ "አንዱ ሄደ፣ ስንት ቀሩ?" እያልኩ ስጠይቃት ኖሬያለሁ። እዚያው ገበያ መሐል መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር።

እትዬ የእናትየውን እጅ ይዘው ቆዩ። ማጽናናታቸውን ሲጨርሱ ማንጎ ገዙ። በመንገድ ላይ ስንመለስ ይወቅሱኛል ብዬ ብጠብቅ ብጠብቅ አልወቀሱኝም። የተናገሩት "ነገ ባለሙያው በስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?" ብቻ ነው።

ባለሙያው ዓርብ ሦስት ሰዓት ላይ ቅጾቹን ሊሰበስብ መጣ። አባትየውም መጥቶ ከቢሮው ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። እትዬ ወጣቱን ወደ ጎን ወሰድ አድርገው ሁሉንም ነገሩት። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት።

"እማማ፣ ያንኑ ፈተና በዚህ አጭር ጊዜ መድገም መመሪያው አይፈቅድም" አላቸው።

"ያንኑ አትድገም ልጄ። ቆርኪ አለ፣ ያንተም ብሎክ አለ። መጠየቁን የምታውቀው አንተ ነህ፤ እኔ ዕቃ ላቀብልህ ብዬ ነው።" ወደ ቅጹ ጠቆም አድርገው ጨመሩ። "ብሎኩን ፈጥና ገጠመች ብለህ መጻፍህ ጥሩ አድርገሃል። አንተ ባትጽፋት እኔም አላያትም ነበር።"

ሌላ ሰው ቢሆን ሙያዬን ተደፈርኩ ይላል። እኔ ብሆን እል ነበር። ወጣቱ ግን ቦርሳውን ከፈተ። በሩ ክፍት እንዲሆን፣ አባቷም የምታየው ቦታ ላይ እንዲቀመጥ አደረገ። ቅጹን በሌላ ገጽ ጀመረ።

እኔና እትዬ ኮሪደሩ ላይ ቆመን ሰማን። ቆርኪ ቆጠረች። ደመረች፣ ቀነሰች። "አሥራ ሁለት ማንጎ ነበር፣ አምስቱ ተሸጠ" ሲላት ጥያቄው ሳያልቅ "ሰባት" አለች፤ በዚያው አፍ "አንዱ ከበሰበሰ ግን ስድስት ነው" ብላ አስፈገገችው። ታሪክ አንብቦላት መልሳ ነገረችው። እኔ ጣቶቼን እያፍተለተልኩ በአንድ እግሬ ቆሜያለሁ። ከዚያ ቅጹ ላይ ያቺ ጥያቄ ደረሰች፣ የወንድምና የእህት። ባለሙያው እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

"ቁጥር አልፈልግም" አላት። "ስማቸውን እየጠራሽ ለእያንዳንዳቸው አንድ ቆርኪ አስቀምጪልኝ። ብዙ ናቸው፣ ጥቂት ናቸው አንልም። ስማቸውን ብቻ።"

ጠራች። ለታላቅ ወንድሟ አንድ፣ ለሁለቱ እህቶቿ፣ ለተከታዮቿ፤ አምስት ቆርኪ ተደረደረ። ስድስተኛውን አንሥታ በጭብጧ ያዘችው። ቆይታ ቆይታ እሱንም አስቀመጠችው፤ ከሌሎቹ ትንሽ ራቅ አድርጋ፣ የትንሹን ስም በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ጠርታ። አባትየው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ባለሙያው አጠገብ አባትየው ያን ጠዋት ልጆቹን በስም የሞላበት ቅጽ አለ። እዚያ ላይ የተጻፉት በሕይወት ያሉት አምስት ወንድምና እህቶቿ ናቸው። መልሱ ከቅጹ ጋር ካልገጠመ ስሕተት ተብሎ ይመዘገባል። ቅጹን አየ፣ ስድስቱን ቆርኪ አየ። እስክሪብቶውን አነሣና ትክክል የሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረገ። ዓይኖቼ እንባ ሞሉ፤ አልጠረግኳቸውም።

ባለሙያው የቀድሞውን ምክር ሰርዞ በክፍሏ እንድትቀጥል ጻፈ። አባትየው ሳይፈርም ተነሣ፣ የሁላችንንም እጅ ጨበጠ። እትዬ ዘንድ ሲደርስ እጃቸውን ሳም አድርጎ "አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው" ብሎ ወደ ጁምዓው ሄደ። እኔን ሲጨብጥ "ኢንሻአላህ አሁን ይሻላታል፣ መምህር" አለኝ፤ እኔ ልለው የሚገባኝን እሱ ለእኔ አለኝ። የካርቶን ልጆቼን ጠቅልዬ እትዬ ክፍል ወሰድኩና መርምረው ከሚመልሷቸው ነገሮች ጋር መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኳቸው። መቆጣጠሪያውንም አውጥቼ በቀይ የጻፍኩትን ሰረዝኩና "ወንድሟ አርፎ" ብዬ ጻፍኩ። ቆርኪ ተሸክሜ ክፍል ገባሁ፤ በሳምንቱ ልጅቷ ድሮ እንደነበረችው ከእኔ ቀድማ ትመልስ ጀመር።

ይሄ ሁሉ ሲሆን ለእሷ ለራሷ ምንም አላልኳትም። መምህር ተማሪውን ይቅርታ ሲጠይቅ አይቼ አላውቅም፤ እንዴት እንደሚጀመርም አላውቅበትም። ዛሬ እላታለሁ ስል ደወል ይደወላል፣ ነገ እላታለሁ ስል ሌላ ልጅ ይመጣል። አሥራ አንድ ቀን እንዲህ አለፈ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ልጆቹ ሁሉ ሲወጡ እሷ ቆርኪ ስትሰበስብ ቀረች። አጠገቧ በርከክ አልኩ።

"ያን የቤት ሥራ የሰጠሁሽ እኔ ነኝ" አልኳት። "ወንድምሽ የሞተው በሳንባ ምች ነው። ስለቆጠርሽው አይደለም። ጣትሽ ምንም አላደረገም። መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ አልጠየቅኩሽም። ይቅርታ አድርጊልኝ።"

የያዘችውን ከረጢት ቋጥራ ጨረሰችና ቀና ብላ አየችኝ።

"አውቃለሁ ቲቸር። እትዬ ያኔ ዓርብ ነግረውኛል" አለችኝ። "'የቲቸርም ጥፋት አይደለም፤ ግን የእኔ ነው ብሎ ይጨነቃል። ራሱ መጥቶ እስኪነግርሽ ጠብቂውና የእርስዎ ጥፋት አይደለም በዪው' አሉኝ። እየጠበቅኩዎት ነበር።"